ኦልዞ ካለ በት ለምን ይቀራል? የእንግሊዝኛ ማያያዣ ቃላት አሞኙኝ

አዲስ_ተመራቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ባንክ የቅጥር ፈተና ተፈትኜ ነበር፣ ስሙ ይቆየን። ሒሳቡን ተወጥቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ጉድ የሠራኝ እንግሊዝኛው ነው። ዓረፍተ ነገር ይሰጡሻል፣ አራት ቦታ ላይ ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ምረጪ ነው። አምስተኛው ምርጫ «ስህተት የለውም» ይላል። እኔ ደግሞ ግራ ሲገባኝ ዘልዬ እዚያች አምስተኛዋ ላይ ነው የማጠቁረው።

ወጥተን ከልጆቹ ጋር ስናወራ ነው ጉዴ የታወቀኝ። የተሳሳትኳቸው ብዙዎቹ ማያያዣ ቃል ያለባቸው ናቸው። ያልረሳኋቸውን ሦስቱን ልጻፍላችሁ። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፣ በየቃሉ ኪቦርድ መቀያየር አልችልም፣ አትሳቁብኝ።

አንደኛው፦ «ኦልዞ ዘ ማናጀር ዎዝ ታየርድ፣ በት ሂ ቼክድ ኦል ዘ አካውንትስ።»

ሁለተኛው፦ «አንለስ ዩ ዶንት ሳይን ዘ ፎርም፣ ዘ ባንክ ዊል ኖት ኦፕን ዘ አካውንት።»

ሦስተኛው፦ «ዲስፓይት ሂ ዎዝ ሌት፣ ሂ ፊኒሽድ ዘ ኤግዛም።»

ሦስቱንም «ስህተት የለውም» ብያለሁ። ለጆሮዬ ሁሉም ልክ ናቸው። አሁንም ደጋግሜ ሳነባቸው ልክ ይመስሉኛል፣ ያሳበደኝም እሱ ነው። ደንቡን መሸምደድ አያቅተኝም፣ ግን ፈተና ላይ ተቀምጬ ስህተቱን የማይበት ዘዴ ካላችሁ እባካችሁ። ሌላ ባንክም ተመዝግቤአለሁ።

ኮማ_ጠላ

ኦልዞ ካለ በት የለም። አንለስ ካለ ዶንት የለም። ዲስፓይት ካለ ዓረፍተ ነገር አይከተለውም። አለቀ፣ ደቀቀ። ሌላ ጥያቄ?

አዲስ_ተመራቂ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን «ለምን» ነው እኮ ያልኩት። እንዲህ አንድ በአንድ ከሸመደድኩ ነገ ሌላ ቃል ሲያመጡ ደግሞ እወድቃለሁ።

የአራት_ኪሎው_አስጠኚ

እህቴ፣ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን ላሳይሽ። ደንብ አይደለም፣ ቆጠራ ነው። ሒሳብ ይሆንልኛል ስላልሽ ደግሞ ላንቺ ይመቻል።

መጀመሪያ ግሶቹን ቁጠሪ። ጊዜ የያዘውን ግስ ማለቴ ነው፣ ዎዝ፣ ቼክድ፣ ዊል ኦፕን ዓይነቱን። ቱ የቀደመው ግስ አይቆጠርም። ብቻውን ቆሞ በኢንግ የሚጨርሰውም አይቆጠርም። ቀጥለሽ ማያያዣዎቹን ቁጠሪ። ማያያዣው ከግሱ በአንድ ማነስ አለበት። ሁለት ግስ ካለ አንድ ማያያዣ፣ ሦስት ግስ ካለ ሁለት። ልክ እንደ አጥር ነው፣ ሁለት ቋሚ ለማገናኘት የሚያስፈልገው አንድ አግዳሚ ነው።

አንደኛውን ውሰጂ። ዎዝ እና ቼክድ፣ ሁለት ግስ። ኦልዞ እና በት፣ ሁለት ማያያዣ። አንዱ ትርፍ ነው። የቱ ይውጣ ካልሽ እንግሊዝኛው ግድ የለውም፣ የፈለግሽውን አውጪ፣ ልክ ይሆናል። ፈተና ላይ ግን ከሥሩ የተሰመረበትን ነው የምታወጪው። ስለዚህ ኦልዞ ላይ መስመር ከሌለና በት ላይ ካለ፣ ጥፋተኛው በት ነው።

ሦስተኛውንም በዚሁ ታገኚዋለሽ። ዎዝ እና ፊኒሽድ፣ ሁለት ግስ። ማያያዣስ? ዲስፓይት ማያያዣ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ መስተዋድድ ነው። ከኋላው የሚፈልገው ስም ነው። ስለዚህ ማያያዣው ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ወይ ዲስፓይትን በኦልዞ ትቀይሪዋለሽ፣ ወይ «ዲስፓይት ቢኢንግ ሌት» ብለሽ ግሱን ከቆጠራ ታወጪዋለሽ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገር የለም። ኦፍ የሚሄደው ከኢን ስፓይት ጋር ነው። ይቺን ስንቴ እንዳረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በተቃራኒው ማያያዣ ሲጎድልም ቆጠራው ይይዝልሻል። «ዘ ሲስተም ዎዝ ዳውን፣ ዊ ዌይትድ።» ሁለት ግስ፣ ባዶ ማያያዣ። እኛ ይቺን ስህተት ብዙ እንሠራለን፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ «ሄጄ፣ ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ ተመለስኩ» ብለን ግሱን በቦዝ አንቀጽ እየደረደርን መሄድ እንችላለን፣ «እና» አያስፈልገንም። እንግሊዝኛው በኮማ ብቻ አይሸከምልሽም። መሃሉ ላይ ሃውኤቨር ብታስገቢም አይድንም። ሃውኤቨር ማያያዣ መስሎ የሚያታልል ተውሳከ ግስ ነው፣ ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ይፈልጋል።

ማሪላንድ_ነኝ

አስጠኚው፣ ቆጠራህ ደስ ይላል፣ ግን ሁለተኛውን ዘለልከው አይደል? አይቼሃለሁ። አንለስ አንድ፣ ግሱ ሁለት፣ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ስህተቱ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

እኔ ይሄን ስህተት በፈተና ሳይሆን በሥራ ነው የተማርኩት። እዚህ እንደመጣሁ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነበር የምሠራው። አንድ ቀን ሽማግሌው መድኃኒት ሳይወስዱ ምግብ እንዳይሰጣቸው ተባለና ፈረቃዬን ስጨርስ ለተረኛዋ ልጅ ወረቀት ላይ ጽፌ በራቸው ላይ ለጠፍኩ። «ዶንት ጊቭ ሂም ፉድ አንቲል ዘ ነርስ ዳዝንት ካም።» በልቤ ያለው አማርኛ ነው፣ «ነርሷ እስካልመጣች ድረስ ምግብ አትስጪው»። ልጅቷ አሜሪካዊት ናት። ወረቀቱን ይዛ ነርሷ ጋ ሄደች፣ ሁለቱ ቆመው ሲያነቡት፣ ሲያነቡት፣ በመጨረሻ ደወሉልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። «ነርሷ ስትመጣ ነው ወይስ ሳትመጣ?» አለችኝ። ስትመጣ ነው እንጂ! አልኩ። «ታዲያ ዳዝንት ምን ይሠራል?» አለች። እኔም አላወቅኩም ነበር ምን እንደሚሠራ።

አያችሁ፣ እኛ «እስካልመጣች» ስንል አሉታው ከቃሉ ጋር ነው የሚመጣው። አንለስም እንደዛው፣ «ካልፈረምሽ» የሚለው ውስጥ «አል» አለች። እንግሊዝኛው ግን «አል»ን ራሱ አንለስ ውስጥ ከቷታል። ዶንት ስትጨምሪ «ካልፈረምሽ» የነበረው ተገልብጦ «ከፈረምሽ አንከፍትልሽም» ሊሆን ነው። እስቲ ይሄ ባንክ ነው?

ትክክሉ፦ «አንለስ ዩ ሳይን ዘ ፎርም፣ ዘ ባንክ ዊል ኖት ኦፕን ዘ አካውንት።» የእኔ ወረቀት ደግሞ «አንቲል ዘ ነርስ ካምስ» መሆን ነበረበት።

የአራት_ኪሎው_አስጠኚ

ሃሃ ተይዣለሁ። ልክ ነሽ፣ ቆጠራው ብዛትን እንጂ ትርጉምን አያይም። እኔም አንለስና አንቲልን ለብቻ ነው የማስተምራቸው።

ጠያቂ_በዛ

እኔም ቆጠራውን ሞከርኩት፣ አልሠራም። «አይ ቲንክ ሂ ኢዝ ራይት» ላይ ሁለት ግስ አለ፣ ማያያዣ የለም። ስህተት ነው ልትለኝ ነው?

ደግሞ «ቢኮዝ ሂ ዎዝ ታየርድ፣ ሂ ስሌፕት» ቢባልስ? ቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀምርም ተብለን ነው የተማርነው። አስተማሪያችን በዱላ ነበር የሚያስቆሙን።

የአራት_ኪሎው_አስጠኚ

ቲንክ፣ ኖው፣ ሴይ ከመሳሰሉት በኋላ ዛት የምትባል ማያያዣ አለች፣ ተውጣ ነው። «አይ ቲንክ ዛት ሂ ኢዝ ራይት» ነው ሙሉው። ስትቆጥር የተዋጠችውንም ቁጠራት። ሁ፣ ዊች፣ ዌር እነዚህም ይቆጠራሉ፣ «ዘ ማን ሁ ኮልድ ኢዝ ማይ አንክል» ሁለት ግስ፣ አንድ ሁ። የቢኮዙን ለመምህር እተወዋለሁ፣ እዚህ መድረክ ላይ አሉ፣ ያዩታል።

ጡረተኛው_መምህር

አይቻለሁ። ቡናዬን ልጨርስ ብዬ ነው።

ቢኮዝ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ልጆች «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ።» ብለው ነጥብ አድርገው ይተዉት ነበርና፣ ማስረዳት የሰለቸው አስተማሪ ሁሉ «በቢኮዝ አትጀምሩ» ብሎ ተገላገለ። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ስልሳና ሰባ ልጅ ፊትህ ተቀምጦ እያንዳንዱን ስታርም፣ አቋራጭ ትፈልጋለህ። ደንቡ ግን የአስተማሪ ደንብ እንጂ የቋንቋው አይደለም። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ሆም» ምንም እንከን የለውም። በ«ኤንድ»ና በ«በት» መጀመርም እንዲሁ፣ ጥሩ ጸሐፊዎች ይጀምሩባቸዋል።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ። «ለጆሮዬ ልክ ናቸው» ያልሽው ነው ዋናው ነገር። ጆሮሽ አማርኛ ነው። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች አማርኛቸው ልክ ነው! «ሥራ አስኪያጁ ቢደክመውም ግን ሒሳቡን ሁሉ አየ» ብትይኝ ማንም አይስቅብሽም፣ እንዲያውም «ግን»ዋ ታሳምረዋለች። «አሞኝ ስለነበር ለዚያ ነው ያልመጣሁት» እንላለን በየቀኑ። ይቺው ናት በእንግሊዝኛ «ቢኮዝ አይ ዎዝ ሲክ፣ ዛት ኢዝ ዋይ አይ ዲድንት ካም» የምትሆነው። የእኛ መስተጻምር፣ ማያያዣው ማለቴ ነው፣ ግሱ ላይ ተለጥፎ ስለሚመጣ፣ ስለ፣ ቢ፣ እስክ፣ ካል እያለ ግሱ ውስጥ ስለሚደበቅ፣ ሥራውን መሥራቱ አይሰማንም። ስለዚህ ደጋፊ እንጨምርለታለን። እንግሊዝኛው ላይ ግን ኦልዞ ራሱን ችሎ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ደጋፊ አይፈልግም።

የዲስፓይትም ምሥጢሩ እዚሁ ነው። «ስለ»ን ተመልከቺያት። «ስለ ዝናቡ ቀረሁ»፣ «ስለዘነበ ቀረሁ»። ስም ላይም ግስ ላይም አንዲቷ «ስለ» ናት። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው፣ ለስሙ ቢኮዝ ኦፍ፣ ለግሱ ቢኮዝ። «እስክንተኛ»ና «በእንቅልፍ ሰዓት»ን እንደምትለዪው ዋይል ከግስ ጋር፣ ዱሪንግ ከስም ጋር። ኦልዞ ከግስ ጋር፣ ዲስፓይት ከስም ጋር። ሦስት ጥንድ ነው፣ ይሄን ያህል መሸምደድ አይከብድም።

ፈተና ላይ ስትቀመጪ እንዲህ አድርጊ። ዓረፍተ ነገሩን በልብሽ ወደ አማርኛ መልሺው። ምንም ሳያደናቅፍሽ፣ ልስልስ ብሎ ወደ አማርኛ ከተመለሰልሽ ተጠራጠሪ። እንግሊዝኛ ልክ ሲሆን ወደ አማርኛ ስትመልሺው አንድ ቦታ ይጎረብጥሻል፣ «ግን» የምትፈልጊበት ቦታ ባዶ ይሆንብሻል። ባዶው ልክ ነው።

ኮማ_ጠላ

መምህር፣ «እስክንተኛ»ና ዋይል እንዴት ተገናኙ? እስክንተኛ አንቲል አይደለም እንዴ?

ጡረተኛው_መምህር

ልክ ነህ፣ «ስንተኛ» ማለቴ ነው። ቡናው ነው። ይኸውልህ፣ የሚያርም ሲገኝ ደስ ይላል።

ማሪላንድ_ነኝ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጥያቄ። ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠን የድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ዞ» (ያው እንደ ኦልዞ ያለው) እና «የት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይቻለሁ። እሱም ስህተት ነው ልንል ነው?

ጡረተኛው_መምህር

የኢዮብ 13፥15 ነው የምትይው። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች ትርጉም ላይ ዞ ይጀምራል፣ የት ይከተላል። ስህተት አይደለም። የት እዚያ «ሆኖም» የሚል ተውሳከ ግስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ዛሬም ከዞ በኋላ የት ወይም ስቲል ብታገኙ አትሰርዙ። ከዞ ጋር የማይስማማው በት ነው። እንዲህ ያለውን ግን የቅጥር ፈተና ላይ አያመጡትም፣ ስለዚህ ልጄ አትጨነቂበት።

ከሱ ይልቅ የሚያመጡት ኢቭን ኢፍና ኢቭን ዞን ነው። ለእኛ ሁለቱም «ቢ…ም» ናቸው። «ቢዘንብም እሄዳለሁ» ስትይ ዝናቡ ገና ነው፣ አልታወቀም፣ ኢቭን ኢፍ። «ቢዘንብም ሄድኩ» ስትይ ዘንቧል፣ አልቋል፣ ኢቭን ዞ። አማርኛው የሚለየው በመጨረሻው ግስ ነው፣ እንግሊዝኛው ገና ከመጀመሪያ ይለያል።

ጠያቂ_በዛ

እኔ ቶፍል አይቲፒ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው የምዘጋጀው፣ እዚያም ላይ እንዲሁ ከሥር የተሰመረበትን ስህተት ማውጣት አለ። የሰዋስው ክፍሉ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነው፣ ከ40ው 25ቱ ስህተት ማውጣት። አንዱን በደቂቃ እንኳ አይሰጡህም። ወደ አማርኛ እየመለሱ መዋል አይቻልም መምህር።

የአራት_ኪሎው_አስጠኚ

ለዚያ ነው መጀመሪያ ጥንዶቹን መፈለግ ያለብህ፣ ዓይን ብቻ ነው የሚፈልጉት። አይዘር ካየህ ኦርን ፈልግ። ናይዘር ካየህ ኖርን። ኖት ኦንሊ ካየህ በት ኦልሶን። ኖ ሱነር ካየህ ዛንን፣ ዌን ካገኘህ ስህተቱን አገኘኸው። ሃርድሊ ደግሞ በተቃራኒው ዌንን ነው የሚፈልገው፣ ዛን አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ፈታኞች ይወዷቸዋል፣ እያጣመሩ ያቀያይሯቸዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጥንዱ ልክ ሆኖ ግሱ ይበላሻል። «ናይዘር ዘ ማናጀር ኖር ዘ ካሸርስ ዎዝ ኢን ዘ ኦፊስ።» ናይዘርና ኖር ልክ ናቸው። ግሱ ግን ቅርብ ካለው ስም ጋር ነው የሚስማማው፣ ካሸርስ ብዙ ናቸውና በዎዝ ፈንታ «ወር» መሆን አለበት። ቦታቸውን ቢለዋወጡ፣ ማናጀሩ ግሱ አጠገብ ቢመጣ፣ ዎዝ ልክ ይሆን ነበር።

አዲስ_ተመራቂ

ወይኔ፣ ይቺ መጥታ ነበር!! ማናጀርና ካሸር ያለባት። ኖርን አይቼ ደስ ብሎኝ «ስህተት የለውም» አጠቆርኩ። አምስተኛዋ ምርጫ ትገድለኛለች።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እርስዎን በተለይ፣ «ጆሮሽ አማርኛ ነው» ያሉኝን ለእናቴ ነገርኳት፣ «ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል» አለችኝ። አሁን እነዚህን ይዩልኝ፣ እኔው ነኝ የጻፍኳቸው።

«ኖት ኦንሊ ሺ ፓስድ ዘ ማዝ፣ በት ኦልሶ ሺ ፊኒሽድ ኧርሊ።»

«አይ ዊል ኮል ዩ ዌን አይ ዊል ጌት ዘ ሪዘልት።»

«ኢቭን ኢፍ አይ ፌይልድ ዘ ኤግዛም፣ አይ ዊል ትራይ አጌይን።»

የአራት_ኪሎው_አስጠኚ

አንደኛው፦ ኖት ኦንሊ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ግሱ እንደ ጥያቄ ይገለበጣል። «ኖት ኦንሊ ዲድ ሺ ፓስ ዘ ማዝ፣ በት ሺ ኦልሶ ፊኒሽድ ኧርሊ።» ካልወደድሽው ወደ ውስጥ አስገቢው፣ «ሺ ኖት ኦንሊ ፓስድ ዘ ማዝ በት ኦልሶ ፊኒሽድ ኧርሊ»፣ ምንም አይገለበጥም።

ሁለተኛው፦ «ሳገኝ»፣ «ስመጣ» ከሚያሰኘው ዌን ኋላ ዊል አይገባም። «ዌን አይ ጌት ዘ ሪዘልት»። አማርኛው «ውጤቴን ሳገኝ» ነው እንጂ «ወደፊት ሳገኝ» አትይም አይደል? እዚህ ላይ እንኳ አማርኛሽ ረድቶሽ ነበር፣ አልሰማሽውም።

ሦስተኛውን መምህር ይፍረዱ።

ጡረተኛው_መምህር

ሦስተኛውን ከማረሜ በፊት፣ የባንኩ ውጤት ወጥቷል?

አዲስ_ተመራቂ

አልወጣም መምህር። በዚህ ሳምንት ይለጠፋል ብለዋል።

ጡረተኛው_መምህር

እንግዲያው ልክ ነሽ፣ ምንም አትንኪው። ፈተናው አልፏል፣ መውደቅሽ ግን አልታወቀም፣ ኢቭን ኢፍ ነው። ወጥቶ ወድቀሽ ከሆነ ግን ኢቭን ዞ ይሆናል።

አዲስ_ተመራቂ

ኢቭን ዞ እንዳይሆን ጸልዩልኝ በቃ። ሰኞ እነግራችኋለሁ።